ከባድ የደም መፍሰስን የማስቆም ክህሎት በምናባዊ ዓለም፦ የመለማመጃው አነዳደፍና ወሰኑ

መግቢያ

የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ በገለጻና በአጭር ልምምድ ይሰጣል። ሠልጣኙ የሚደማን ቁስል አጥብቆ መጫን እንደሚገባ ይማራል፤ በፈተናም ላይ በትክክል ይመልሳል። በመንገድ ላይ ግን የሚያጋጥመው የፈተና ወረቀት ሳይሆን የሚጮህ ሕዝብ፣ የሚያስደነግጥ ደምና የማይጠብቅ ጊዜ ነው። ማወቅና ማድረግ የሚለያዩት በዚህ ቦታ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በኮምፒውተር የሚገነባ ምናባዊ ዓለም ይህን ክፍተት ለማጥበብ እንዴት ሊነደፍ እንደሚችል በአንድ ምሳሌ ማሳየት ነው። የጽሑፉ መነሻ ሐሳብ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ በመለማመጃው ውስጥ በቅድሚያ ሊገነባ የሚገባው የምስሉ ጥራት ሳይሆን በውሳኔና በጊዜ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ሁለተኛው፣ የእጅ ክህሎት ከምናባዊው ዓለም ውጭ በቁሳዊ መሣሪያ መለማመድ ይኖርበታል።

ዳራ

አደጋን በአምሳያ መለማመድ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 የሠራው የበረራ መለማመጃ አብራሪዎች ከመሬት ሳይነሱ እንዲሠለጥኑ አስችሏል። እ.ኤ.አ. በ1960 ኖርዌያዊው የአሻንጉሊት አምራች አስሙንድ ሌርዳል ትንፋሽ መስጠትን ለማስተማር የሚያገለግለውን “ሪሰሲ አን” የተሰኘ የሥልጠና አሻንጉሊት አቀረበ። ብዙ ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ የሚገናኙበት “ሴከንድ ላይፍ” የተባለው ምናባዊ ዓለም እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ ሲከፈት፣ ሠልጣኞች በአምሳያ ሰው ተወክለው በቡድን የሚለማመዱበት ዕድል ተፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው “ኦፕንሲሙሌተር” ደግሞ ምንጩ ክፍት የሆነ ከመሆኑም በላይ ያለ ኢንተርኔት በአንድ ኮምፒውተር ወይም በአንድ የውስጥ አውታረ መረብ ሊሠራ ስለሚችል፣ የኢንተርኔት አቅርቦት አስተማማኝ ባልሆነበት ዩኒቨርሲቲ ለሚካሄድ ጥናት አመቺ ነው።

የመለማመጃው ትዕይንት

ለምሳሌነት የተመረጠው ትዕይንት በአዲስ አበባ አንድ የታክሲ መጫኛ አካባቢ ነው። ሞተር ብስክሌት ከመኪና ጋር ተጋጭቶ አሽከርካሪው ወድቋል፤ ከጭኑም ደም በኃይል ይፈሳል። ሕዝቡ ይከብባል። አንዱ ተጎጂውን አንስቶ ሚኒባስ ላይ ለመጫን ይጣደፋል፤ ሌላው ቁስሉ ላይ የሚነሰነስ የተፈጨ ቡና እንዲመጣ ያዛል፤ ሦስተኛው ውኃ ሊያጠጣው ይሞክራል። እነዚህ ሁሉ በበጎ ፈቃድ የሚደረጉ ናቸው። ስለሆነም ንድፉ የተሳሳቱ ምርጫዎችን መከልከል የለበትም፤ ሠልጣኙ መርጧቸው ውጤታቸውን ማየት ይኖርበታል።

የሚጠበቀው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። በመጀመሪያ የቦታው ደኅንነት ይረጋገጣል። ጓንት ከሌለ በእጅ ላይ ንጹሕ ፌስታል ይጠለቃል። ቁስሉ በጨርቅ ያለ ማቋረጥ በኃይል ይጫናል። በዚያው ቅጽበት ከተመልካቹ መካከል አንድ ሰው ተለይቶ፣ “እርስዎ፣ ጥቁር ኮት የለበሱት፣ 907 ይደውሉ” ተብሎ ወደ ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ እንዲደውል ይታዘዛል። “አንድ ሰው ይደውል” የሚል የጅምላ ጥሪ በመለማመጃው ውስጥ ምላሽ አያገኝም፤ ሁሉም ሌላው እንደሚደውል ያስባልና። መጫኑ ደሙን ካላቆመው ቱርኒኬት ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳያርፍ ይታሰራል። ደሙ እስኪቆም ይጠብቃል፤ የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል፤ ባለሙያ እስኪደርስም አይላላም።

የጊዜና የደም ሒሳብ

የመለማመጃው እምብርት ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ አዋቂ ሰው በአማካይ 5 ሊትር ያህል ደም አለው፤ ከ40 በመቶ በላይ፣ ማለትም ከ2 ሊትር በላይ ማጣት ሕይወትን በቀጥታ አደጋ ላይ ይጥላል። ነዳፊው ቁስሉ ካልተጫነ በደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር እንደሚፈስ ሊወስን ይችላል። ይህ አኃዝ ከአንድ ታካሚ የተለካ ሳይሆን የንድፍ ምርጫ ነው፤ እንደ ትዕይንቱ ክብደትም ይለዋወጣል።

በዚህ ስሌት ሠልጣኙ ደንግጦ ለ2 ደቂቃ ቢቆም 400፣ ቡና እስኪመጣ 3 ደቂቃ ቢጠብቅ 600፣ ራሱ ለመደወል ለ1 ደቂቃ እጁን ቢያነሳ 200፣ ቁስሉ ሳይጫን ተጎጂውን ሚኒባስ ላይ ለማውጣት 4 ደቂቃ ቢፈጅ 800 ሚሊ ሊትር ደም ይፈሳል። ድምሩ 2 ሊትር ነው። ከእነዚህ ውሳኔዎች አንዱም ለብቻው ገዳይ አይመስልም፤ ተደምረው ግን ተጎጂውን ወደ ሞት አፋፍ ያደርሱታል። ገለጻ በቀላሉ ሊያስጨብጠው የማይችለው፣ ምናባዊው ዓለም ግን ሊያሳየው የሚችለው ትምህርት ይህ ነው።

በልምምዱ ወቅት አኃዙ ለሠልጣኙ አይታይም። በምትኩ የተጎጂው አምሳያ ይገረጣል፣ ያልበዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ንግግሩ ይዘበራረቃል፣ በመጨረሻም መልስ መስጠት ያቆማል። ሠልጣኙ በእውነተኛው ሕይወት የሚያነበው ቁጥር ሳይሆን ምልክት በመሆኑ መለማመድ ያለበትም ምልክቱን ማንበብ ነው። የደቂቃዎቹ ዝርዝር የሚቀርበው ከልምምዱ በኋላ በሚደረገው ውይይት ነው።

ምናባዊው ዓለም የማያስተምረው

የማውስ ቁልፍ መጫን ቁስል መጫን አይደለም። በስክሪን ላይ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ሠልጣኝ ደም ለማቆም ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ፣ ክንድ ምን ያህል እንደሚዝል ላያውቅ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ውጤት ሠልጣኙ ያላገኘውን ክህሎት እንዳገኘ ማመኑ ነው። የልብና የሳንባ ማነቃቂያ መመሪያዎችን በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚገመግመው ኮሚቴ፣ ኢልኮር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የማነቃቂያ ሥልጠና በቨርቹዋል ሪያሊቲ ብቻ እንዳይሰጥ የሰጠው ምክረ ሐሳብም ከዚህ ሥጋት ጋር ይስማማል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በወፍራም ስፖንጅ ውስጥ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይሳባል፤ ቱቦው ቀይ ቀለም ከተቀላቀለበት የውኃ ከረጢት ጋር ይገናኛል። ሠልጣኙ በቂ ኃይል ሲጠቀም ውኃው ይቆማል፤ እጁ ሲላላ ይፈሳል። እያንዳንዱ የስክሪን ልምምድ በዚህ የእጅ ልምምድ ሊደመደም ይገባል።

የግምገማ ዘዴና ሥነ ምግባር

የመለማመጃውን ውጤታማነት ለመፈተሽ ሠልጣኞች በዕጣ በሁለት ቡድን ይመደባሉ። አንደኛው ገለጻና የስፖንጅ ልምምድ፣ ሁለተኛው የምናባዊ ዓለምና የስፖንጅ ልምምድ ያገኛል፤ የሥልጠናው ጊዜ እኩል ይሆናል። መለኪያዎቹ እጅ ቁስል ላይ እስኪያርፍ የወሰደው ሰኮንድ፣ እጅ የተነሳበት ጠቅላላ ጊዜ፣ ለእርዳታ እስኪደወል የወሰደው ጊዜና የፈሰሰው ውኃ መጠን ናቸው። ፈተናው በስክሪን ሳይሆን ተዋንያን በተመልካችነት በሚሳተፉበት ክፍል ይሰጣል፤ ገምጋሚው የሠልጣኙን ቡድን ማወቅ የለበትም። የመጀመሪያ እርዳታ ክህሎት በወራት ውስጥ የሚደክም በመሆኑ ፈተናው ከ3 ወር በኋላ ሊደገም ይገባል።

ከሠልጣኞች መካከል በእውን አደጋ ያዩ ወይም ዘመድ ያጡ ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ፈቃዳቸው አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ የደሙ ምስል መጠን ሊቀነስ ይችላል፤ ልምምዱን በማንኛውም ቅጽበት የሚያቋርጥ ቁልፍም ይኖራል።

መደምደሚያ

ምናባዊ ዓለም ሠልጣኙ በሰው ሕይወት ላይ ሳይፈርድ እንዲሳሳት፣ ስህተቱም ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እንዲያይ ያስችለዋል። ፋይዳው የሚመነጨው ከምስሉ ማማር ሳይሆን፣ ሰዓቱ በትክክል ከመቁጠሩና ሕዝቡ እንደ እውነተኛ ሕዝብ ከመንቀሳቀሱ ነው። ውሳኔን በስክሪን፣ ኃይልን በስፖንጅ ማስተማር የሁለቱን ድርሻ ይለያል፤ የሥልጠናው መመዘኛም ሠልጣኙ በስክሪን ያስመዘገበው ነጥብ ሳይሆን እጁ ቁስሉ ላይ ያረፈበት ሰኮንድ ሊሆን ይገባል።