ፌንጣው ክንፍ ሳያወጣ
ስለ ጓሮ አትክልት ጥበቃ የተዘጋጀ ትምህርት



በአሶሳና በአካባቢዋ ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ማሽላውና በቆሎው እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ ለብዙ ቤት የጭንቅ ጊዜ ነው። ጎተራው ይራቆታል፤ የገበያውም እህል ይወደዳል። በእነዚህ ወራት ቤተ ሰቡን የሚደግፈው ከደጃፍ የተተከለው ባሚያ፣ ጎመን፣ ዱባና ቃሪያ ነው። ጓሮው ትንሽ ቢመስልም የሐምሌና የነሐሴ ወጥ የሚገኘው ከእርሱ ነው። ፌንጣም የሚበረታው በዚሁ ጊዜ ነው።

ትምህርቱን ከመጀመሬ በፊት ስሕተቴን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መንደር ለእናቶች የኒም ውኃ አዘገጃጀት አሳይቼ፣ “ይህ ፌንጣውን ያጠፋላችኋል” ብዬ ተመለስሁ። ከእነርሱ አንዲቱ እናት እንዳሳየኋት አዘጋጅታ በቀትር ፀሐይ ረጨችው። በማግሥቱ ፌንጣው እንደ ወትሮው ይዘልላል። ስንገናኝ፣ “ልጄ፣ ያስተማርኸኝ ውኃ ፌንጣውን አጠበው እንጂ አልነካውም” አለችኝ። እስከዚያ ድረስ ግን ከገበያ በፌስታል የተቋጠረ፣ ስሙ ያልተጻፈበት የመድኃኒት ዱቄት ገዝታ በጎመኑ ላይ ነስንሳ ነበር። ዶሮዎቿ የወደቀውን ፌንጣ ለቅመው አለቁ። ልጆቿ ከዚያ ጎመን ሳይበሉ መቅረታቸው ትልቅ ምሕረት ነው። ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን የእኔ ነበር፤ መድኃኒቱን አሳየኋት እንጂ ጊዜውንና አሠራሩን አላስተማርኋትም።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው፦ ፌንጣን በቤት ዘዴ መከላከል ይቻላል፤ ነገር ግን ክንፍ ሳያወጣ፣ በወቅቱና ልዩ ልዩ ዘዴዎችን በማስተባበር ሊሆን ይገባል።

፩. የፌንጣን አኗኗር እንወቅ

እንስቷ ፌንጣ የጅራቷን ጫፍ ወደ መሬት ሰርስራ፣ በአረፋ የተሸፈኑ ሩዝ የመሰሉ ዕንቁላሎችን ጥቂት ጣት ያህል በሚጠልቅ ጉድጓድ ትጥላለች። ለዚህ የምትመርጠው ያልተቆፈረ ጠንካራ መሬት፣ የመንገድ ዳርና የአጥር ሥር ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች በበጋው በዕንቁላል ቆይተው ዝናብ አፈሩን ሲያርሰው ይፈለፈላሉ። ግልገሉ ክንፍ ስለሌለው ሩቅ አይሄድም። አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ያህል ቆዳውን ከለወጠ በኋላ ክንፍ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ዛሬ ብናባርረው ነገ ከጎረቤት ማሳ ይመለሳል። ስለዚህ የእኛ ጊዜ ከመፈልፈሉ በፊት ያለው በጋና ከተፈለፈለ በኋላ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው።

፪. በየወቅቱ የሚሠራ ሥራ

ሀ/ በበጋ፦ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የጓሮውን ዳርና የአጥሩን ሥር መቆፈር። የወጣውን ዕንቁላል ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ወፍ፣ ጉንዳንና ዶሮም ይበሉታል።

ለ/ ከመትከል በፊት፦ በመደቡ ዙሪያ ያለውን ሣር አስቀድሞ ማጽዳት። ችግኙ ከበቀለ በኋላ ሣሩን ሁሉ በአንድ ቀን ማጨድ ግን ጉዳት አለው። ፌንጣው ምግቡን ሲያጣ በቀጥታ ወደ ጎመኑ ይገባልና። እንዲህ ባለ ጊዜ ከመደቡ ራቅ ብሎ ጥቂት ለምለም ሣር መተው ይሻላል።

ሐ/ ችግኙ ለጋ ሲሆን፦ በአገራችን በሞላው ቀርከሃ ክፈፍ ሠርቶ በስስ ጨርቅ መሸፈን። ሰው የሚተኛበትን አጎበር ግን ለዚህ አታውሉት፤ ወባ ከፌንጣ ይከፋል። በቅጠል ላይ የሚነሰነስ አመድም ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ጥቂት ይረዳል።

መ/ ማለዳ ማለዳ፦ ፌንጣ ሰውነቱ በፀሐይ ካልሞቀ መዝለል ይከብደዋል። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ልጆች ሳሙና በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ እያራገፉ ቢለቅሙት ብዙ ይሰበሰባል። ዶሮዎችንም በአጥሩ ዳር ማሰማራት መልካም ነው። ችግኙን እንዳይጭሩ ግን መደቡ መታጠር አለበት።

፫. ስለ ኒም

እ.ኤ.አ. በ1959 ሽሙተረር የተባሉ ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ በጎረቤታችን በሱዳን ሳሉ የአንበጣ መንጋ ወረደ። መንጋው አካባቢውን ሲግጥ የኒም ዛፎች ብቻ ለምለም ሆነው መቅረታቸውን ተመለከቱ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርምር፣ በፍሬው ውስጥ ያለው አዛዲራክቲን የተባለ ንጥረ ነገር ነፍሳትን መብላት እንደሚያስጠላቸውና የግልገሎቹን ቆዳ መለወጥ እንደሚያውክ ታወቀ። ልብ በሉ፣ ወዲያው አይገድልም። ፌንጣው በማግሥቱ ቢዘልልም የሚበላው ይቀንሳል፤ ግልገሉም በደንብ አያድግም። ክንፍ ባወጣው ላይ ኀይሉ አነስተኛ ነው።

አዘገጃጀቱም እንዲህ ነው፦ የበሰለውን ፍሬ ሥጋውን ገፍፎ ማጠብና በጥላ ማድረቅ። ሻጋታ እንዳያበላሸው በፌስታል ሳይሆን አየር በሚያስገባ ቅርጫት ማኖር። በሚፈለግበት ጊዜ ቅርፊቱን አውጥቶ ግማሽ ኪሎ አስኳል መውቀጥ፣ በ10 ሊትር ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ በጨርቅ ማጥለልና ጥቂት ሳሙና መጨመር። ፀሐይ ኀይሉን ስለሚያጠፋው በምሽት ይረጫል፤ በየሳምንቱ፣ እንዲሁም ዝናብ ካጠበው በኋላ ይደገማል። ቅጠሉም ያገለግላል፤ ግን ከፍሬው ደካማ ነው። የኒም ውኃና ዘይት ሕፃናት እንዳይጠጡት ይጠበቅ፤ አትክልቱም ከመበላቱ በፊት ይታጠብ።

፬. ከቤት ዐቅም በላይ ሲሆን

ከፍ ያለ የአንበጣ መንጋ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖር ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ የአገራችንን ምሥራቅና ሰሜን በወረረ ጊዜ በአውሮፕላን ጭምር መርጨት አስፈልጎ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ሳትዘገዩ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አስታውቁ። መድኃኒት የተረጨበትን አንበጣ ሰውም ዶሮም እንዳይበላው። ከብልቃጡ የወጣ፣ ስሙና አጠቃቀሙ ያልተጻፈበትን መድኃኒት አትግዙ። ፌንጣውን ያጠፋ ዱቄት የጎረቤትን ንብና የልጅን ጤና ሊያጠፋ ይችላል።

ያችን እናት በሚቀጥለው ዓመት በጥር ወር ተመልሼ ጎበኘኋት፤ አጥሯን አብረን ቆፈርን። በክረምቱ ልጆቿ ማለዳ ለቀሙ፤ እርሷም ኒሙን በምሽት ረጨች። ከጎመኑ ጥቂቱ ተበላ፤ የቀረው ግን ለወጥ በቃ። ይህን የምናገረው ለሠራተኞቻችን ጭምር ነው፦ ስናስተምር ዘዴው የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን የማይሠራውንም እንንገር። አንድ ጊዜ የተስፋ ቃላችን ያልሠራለት ሰው ሁለተኛ ለመስማት ይቸገራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችሁ ፌንጣ ዕንቁላሉን የሚጥለው የት የት ነው? ማነው የሚቆፍረው?
2. ኒም በአቅራቢያችሁ አለ? ከሌለስ ችግኙን ማን ይተክላል?
3. በየቤታችሁ ስሙ ያልታወቀ መድኃኒት ተቀምጦ ይሆን? ልጆች ይደርሱበታልን?