የቤት ኮምፒዩተር ጀማሪዎችና ለእኛ የተዉት ትምህርት

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ የኮምፒዩተር ታሪክ ማዕከል የተባለ ቤተ መዘክር ይገኛል። በዚያ የተሰበሰቡት አሮጌ ኮምፒዩተሮች በመስታወት ውስጥ ተቆልፎባቸው የተቀመጡ ብቻ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ዛሬም ይሠራሉ፤ ጎብኚም በእጁ እየነካ ይሞክራቸዋል። በልጅነታቸው በእነዚህ መሣሪያዎች የተማሩ ሰዎች አሁን ጠጉራቸው ሸብቶ ሳለ ያረጀውን ዕቃ ይጠግናሉ፤ ስለ እርሱም በናፍቆት ይናገራሉ። «ዛሬ በኪሳችን ከያዝነው ስልክ እጅግ ለሚያንስ መሣሪያ ይህ ሁሉ ናፍቆት ስለ ምን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ መልሱን ከታሪኩ ፈልጌ ለመግለጥ እሞክራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

በመጀመሪያው ዘመን ኮምፒዩተር ማለት አንድ ክፍል የሚሞላ፣ መንግሥት፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ትልቅ ኩባንያ ብቻ የሚገዛው መሣሪያ ነበረ። ይህን የለወጠው ማይክሮፕሮሰሰር ነው። ይኸውም የኮምፒዩተሩ የማስላት ክፍል በሙሉ ጥፍር በምታህል የሲሊኮን ቁራጭ ላይ መሠራቱ ነው፤ ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ1971 ለገበያ አቀረበው። በ1975 ዓ.ም. ጥር ወር በአሜሪካ አልቴር 8800 የተባለ ኮምፒዩተር በመጽሔት ታወጀ። ገዢው ክፍሎቹን ተቀብሎ ራሱ በብየዳ ይገጣጥመው ነበር። የፊደል መምቻም ሆነ የማያ ገጽ አልነበረውም፤ ትእዛዝ የሚሰጠው ከፊቱ የተደረደሩትን ትናንሽ ማብሪያዎች ወደ ላይና ወደ ታች በማድረግ ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት በካሊፎርኒያ፣ በሜንሎ ፓርክ ከተማ፣ ጥቂት ወዳጆች በአንድ የመኪና ማቆሚያ ቤት ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። ከአባሎቹ አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ አፕል የተባለውን የመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ሲሠራ ንድፉን ለማኅበርተኞቹ በነፃ ያድል ነበር።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ክላይቭ ሲንክሌር የተባለ ሰው ኮምፒዩተር ተራ ቤተሰብ በሚችለው ዋጋ መሸጥ አለበት ብሎ ተነሣ። በ1980 ዜድኤክስ 80ን በ99 ፓውንድ ከ95 ሳንቲም አቀረበ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ዜድኤክስ 81 ተገጣጥሞ 69 ፓውንድ ከ95፣ ገዢው ራሱ ሲገጣጥመው ደግሞ 49 ፓውንድ ከ95 ነበረ። ዋጋው የረከሰበት ምክንያት ግልጥ ነው። ፊተኛው 21 ቺፖች ሲኖሩት ኋለኛው የሚሠራው በ4 ብቻ ነበር፤ ማያው የቤቱ ቴሌቪዥን፣ የሥራ ማስቀመጫው ደግሞ ተራ የካሴት ቴፕ ነበረ። ፕሮግራሙ ወደ ድምፅ ተለውጦ በካሴት ይቀዳል፤ ሲፈለግም ቴፑ ተጫውቶ ድምፁ እንደ ገና ወደ ቍጥር ይመለሳል።

የዜድኤክስ 81 የማስታወስ ችሎታ 1 ኪሎባይት፣ ማለት 1,024 ባይት ነበረ። ይህን ለመመዘን የሚከተለውን ስሌት እንመልከት። ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። 1,024ን ለ3 ብናካፍል 341 ፊደል እናገኛለን፤ ይህም የአንድ ገጽ ደብዳቤ እንኳ አይሆንም። 16 ኪሎባይት የሚጨምር ተቀጥላ ከኋላው ይሰካ ነበር፤ ነገር ግን ተቀጥላው ጥቂት ከተነቃነቀ ልጁ ብዙ ሰዓት የደከመበት ሥራ በቅጽበት ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ያ ዘመን ጉድለት የሌለበት ዘመን ነበር ማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ መሣሪያው እንደ ተከፈተ የሚያሳየው ጨዋታ ወይም ሥዕል አልነበረም፤ ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር። ትእዛዙ የሚጻፍበት ቋንቋ ቤዚክ ይባላል። ለምሳሌ በመሥመር 10 «ሰላም የሚለውን ቃል ጻፍ»፣ በመሥመር 20 «ወደ መሥመር 10 ተመለስ» ብሎ የሚያዝ ፕሮግራም ማያውን በሰላምታ ይሞላዋል። አንድ ልጅ በጥቂት ደቂቃ ይህን ከቻለ በኋላ «ቍጥሩን ብለውጠውስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ትምህርቱም የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነበር።

በ1981 በካምብሪጅ የሚገኘው ኤኮርን ኩባንያ ለቢ.ቢ.ሲ. የትምህርት ፕሮግራም የሚሆን ኮምፒዩተር ሠራ። ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር ከባልደረቦቻቸው ጋር የመጀመሪያውን ናሙና አንድ ሳምንት በማይሞላ ጊዜ አደረሱ። የእንግሊዝ መንግሥትም ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር ሲገዙ የዋጋውን እኩሌታ ይከፍል ነበር። እነዚሁ ሁለት ሰዎች ኋላ አርም የተባለውን ማይክሮፕሮሰሰር ነደፉ፤ በ1985 የመጀመሪያው ተሠርቶ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ከሞላ ጎደል በእጅ ስልኮች ሁሉ ውስጥ የሚገኘው የዚሁ ዘር ነው። እንግዲህ ስልክ በኪሱ የያዘ አንባቢ ሁሉ የእነዚያ ሠራተኞች ባለ ዕዳ ነው።

ንግዱ ግን አልሰነበተም። የእያንዳንዱ ኩባንያ ኮምፒዩተር የሌላውን ፕሮግራም አይቀበልም ነበር፤ ገበያውም ሞልቶ ዕቃው በመጋዘን ቀረ። በ1985 ኤኮርን በጣልያኑ ኦሊቬቲ እጅ ወደቀ፤ በ1986 ደግሞ ሲንክሌር የኮምፒዩተር ሥራውን በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ለአምስትራድ ሸጠ። ሲንክሌር በ2021 አረፈ።

ከዚህ ሁሉ እንደምንረዳው ሰዎቹ የሚናፍቁት ፕላስቲኩንና ካሴቱን አይደለም፤ በመሣሪያው ላይ አዛዥ የነበሩበትን ጊዜ ነው። የዛሬው ስልክ ሁሉን አዘጋጅቶ ስለሚያቀርብልን የቀረልን መንካትና መመልከት ብቻ ይመስላል። ይህን ጉዳት በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኤበን አፕተን ተገነዘበው። የኮምፒዩተር ትምህርት የሚጠይቁት ወጣቶች ቍጥር እንዳነሰ፣ የሚመጡትም ፕሮግራም የመጻፍ ልምዳቸው እንደ ቀነሰ አይቶ ከባልደረቦቹ ጋር ራስፕቤሪ ፓይ የተባለውን ትንሽ ኮምፒዩተር አዘጋጀ። በ2012 በ35 ዶላር መሸጥ የጀመረው ይህ መሣሪያ ልጆች ሳይፈሩ ፈትተው የሚማሩበት እንዲሆን የታሰበ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ያ ዘመን ስላለፈ እንዘን አልልም፤ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ዛሬ ያለ ዋጋ ይገኛልና። በትምህርት ቤትም ሆነ በቤት ኮምፒዩተር ፊት ስንቀመጥ «ምን ያሳየኛል?» ከማለት ይልቅ «ምን ልዘዘው?» ብለን እንጀምር። መምህራንና ወላጆችም አንድ ልጅ አሮጌ ዕቃ ፈትቶ ሲያዩት ከመቆጣታቸው በፊት ምን ሊያውቅ እንደ ፈለገ ቢጠይቁት መልካም ነው።