ግብር ከጎተራ ይነሣ ወይስ ከገበያ?

ያለ ግብር የሚቆም መንግሥት የለም፤ ነገር ግን ግብሩ ከየት ይነሣ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። አንደኛው መንገድ ሰው ካገኘው ላይ መክፈሉ ነው፤ ይኸውም የገቢ ግብር ይባላል። ሁለተኛው ከሚገዛው ዕቃ ላይ መክፈሉ ነው፤ ይህም የሽያጭ ታክስ ይባላል። በአሜሪካ አገር የገቢ ግብር ቀርቶ በእርሱ ፈንታ አገር አቀፍ የሽያጭ ታክስ እንዲተካ የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለምክር ቤት በየጊዜው ቀርቧል፤ ነገር ግን አልጸደቀም። ጉዳዩ ለገበሬም ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ እንመረምረዋለን።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። በረቂቁ ታክሱ ከመቶ 23 ነው ተብሏል። ይህ ቍጥር የተሰላው ገዢው ከሚከፍለው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። 100 ዶላር ቢከፍል 77ቱ የዕቃው ዋጋ፥ 23ቱ ታክስ ይሆናል። 23ን ለ77 ብናካፍል ግን ታክሱ በዕቃው ዋጋ ላይ ከመቶ 30 ያህል መሆኑ ይገለጣል። በኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚታሰበው በዋጋው ላይ ነው፤ ታክስ ላለበት የ100 ብር ዕቃ ገዢው 115 ብር ይከፍላል። ስለዚህ የታክስ ልክ ሲነገር «ከምን ላይ ታስቦ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የሽያጭ ታክስ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ገማች ወደ እርሻ አይመጣም፤ ገበሬውም ስለ ገቢው አይመረመርም። በአገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ፥ የጎጃም ገበሬዎች ልኬታና ግምት ርስታችንን ያሳጣናል ብለው ሠግተው ለተቃውሞ ተነሥተዋል።

ጉዳቱስ ምንድር ነው? አንድ ገበሬ በደግ ዓመት 20 ኩንታል ስንዴ አምርቶ 12ቱን ሸጠ እንበል። በድርቅ ዓመት 5 ኩንታል ብቻ ቢያገኝ የሚሸጠው የለውም፤ በትክክል የተገመተ የገቢ ግብርም አብሮ ይወርድለታል። ጨውና ልብስ መግዛቱ ግን አይቀርም፤ እንዲያውም በደግ ዓመት የማይገዛውን እህል ይገዛል። እነዚህ ሁሉ ታክስ ካለባቸው በከፋው ዓመት የሚከፍለው ይበዛል። ባለጸጋ ከገቢው ከፊሉን ሲያስቀምጥ፥ ድኻ ያገኘውን ሁሉ ለኑሮው ስለሚያወጣ ሸክሙ በእርሱ ላይ ይከብዳል።

የአሜሪካው ረቂቅ ለዚህ ሁለት መድኃኒት አዘጋጅቷል። አንደኛው ለያንዳንዱ ቤተ ሰብ ለአስፈላጊ ፍጆታ የሚከፈለውን ታክስ የሚተካ ገንዘብ በየወሩ መስጠት ነው። ሁለተኛው ለሥራ የሚገዛን ዕቃ፥ ለምሳሌ ትራክተርንና ዘርን፥ ከታክስ ነጻ ማድረግ ነው። ሁለተኛው በተለይ ሊስተዋል ይገባል። በተጨማሪ እሴት ታክስ ሥርዓት ምርቱ ከታክስ ነጻ የሆነለት ገበሬ፥ ለውሃ መሳቢያ ሞተር የከፈለውን ታክስ ማስመለስ አይችልም፤ ነጻ ተባለ እንጂ ታክሱ በወጪው ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል።

እንግዲህ አስተዋይ ገበሬ ስለ ማናቸውም የታክስ ለውጥ ሲሰማ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ዝናብ ሲጠፋ ሸክሙ ይቀላል ወይ? የዕለት ምግብ ነጻ ነው ወይ? ለእርሻ መሣሪያ የተከፈለው ይመለሳል ወይ? ሕግ አውጪም ለእነዚህ መልስ ሳያዘጋጅ አንዱን ግብር በሌላው ቢተካ፥ ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ እንጂ አላቀለለም።