የቦንጋ ዝናብ፣ ብርድና የፈጅር ውዱእ



ከአፋር፣ ከድሬዳዋ ወይም ከጅግጅጋ ለመጣችሁ፦ እዚህ ዝናብ የሐምሌና የነሐሴ ብቻ አይደለም። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይጥላል። ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ አየር የካፋን ተራሮች ሲወጣ እየቀዘቀዘ ይዘንባል። የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅምና ትርፍ ካልሲ ያዙ። ጃንጥላና ቦቲ ደግሞ የግድ ነው።

ብርዱ ግን የሚጠናው ዝናቡ ሲያቆም ነው። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ስለሚጠራ ምድር የቀን ሙቀቷን ሌሊት ታጣለች። የሚፈትነው የፈጅር ውዱእ ነው።

«ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ ተየሙም አይበቃኝም?» የሚሉ አሉ። መቀዝቀዙ ብቻውን ዑዝር አይሆንም። ማሞቅ የሚችል ያሙቅ። ተየሙም የሚፈቀደው ማሞቂያ አጥቶ በውሃው መታመምን በእውነት ለሚሰጋ ነው። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ በብርዳማ ሌሊት ጀናባ ሆነው ተየሙም ያደረጉት ሕይወታቸውን ፈርተው ነበር፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አልነቀፏቸውም።

ለእግር ቀላሉ መንገድ ኹፍ ነው። በውዱእ ላይ ሆኖ ያጠለቀው ሰው፣ መንገደኛ ካልሆነ፣ ለአንድ ቀንና ሌሊት ላዩን ማበስ ይችላል። በወፍራም ካልሲ ላይ ዑለሞች ይለያያሉ፤ ስስ የገበያ ካልሲ ግን በአራቱም መዝሀብ አይበቃም።

ዝናብ ሲበረታ መግሪብና ዒሻን መስጂድ ውስጥ በጀመዓ አጣምሮ መስገድ በሻፊዒይ መዝሀብ ይፈቀዳል፤ በሐነፊይ አይፈቀድም። ዶርሙ ውስጥ ብቻውን ለሚሰግድ ግን በሻፊዒይም ቢሆን ይህ ሩኽሳ የለም።