ቮልስህ መንገድ ላይ ስትጠፋ

ልጄ፣ አባትህ የተወልህን ቮልስ ከአዲስ አበባ ፈረስ ቤት ድረስ ነድተህ በማምጣትህ ደስ ብሎኛል። ደስ ያላለኝ፣ መንገዱን ሁሉ እየጠፋች እየተነሳች መምጣቷን እየሳቅህ መናገርህ ነው። በራሷ ተነሳች ማለት ዳነች ማለት አይደለም። እጅህ ለሥራ እንደማይሰንፍ አውቃለሁ፤ ልብህ ግን ይቸኩላል። ስለዚህ የምጽፍልህን ቀስ ብለህ አንብበው።

1. ዕቃ ከመግዛትህ በፊት የጠፋችበትን ሁኔታ ጻፍ። ዳገት ነበር ወይስ ሜዳ? ሞተሩ ግሎ ነበር? ታንኩ ሙሉ ነበር ወይስ ተጋምሶ? ቤንዚኑን ከየት ቀዳህ? እየመጣ የሚሄድ ብልሽት ጋራዥ ስትደርስ ይደበቃል። መካኒኩ ደህና ሆና ያገኛታል፣ ከዚያ ግምት ይጀመራል፤ ዛሬ ፓምፕ፣ ነገ ካርቡሬተር ይቀየራል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ይኸንን ነው።

2. ቤንዚንን ከመክሰስህ በፊት ኤሌክትሪኩን ነጻ አውጣው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሞተሩ በአንዴ ጸጥ ይላል። ቤንዚን ሲያጥር ግን ትንገታገታለች፣ ጉልበት ታጣለች፣ ከዚያ ነው የምትጠፋው። እዚያው ቆመህ የአየር ማጣሪያውን አንሳና የካርቡሬተሩን ጉሮሮ እያየህ የነዳጅ መስጫውን ክንድ በጣትህ ሳብ። ቀጭን የቤንዚን ፍንጣቂ ከውስጥ ከተወረወረ ቤንዚን ደርሷል፤ ወደ ፑንቲናውና ወደ ኮይሉ ሂድ። ደረቅ ከሆነ መንገዱን ወደ ታንኩ ተከተል። ይህን ማየት ያለብህ ልክ በጠፋችበት ሰዓት ነው፤ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ማስረጃው የለም። ስትነዳት ደህና ሆና፣ እግርህን ስታነሳ ብቻ የምትጠፋ ከሆነ ደግሞ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን ባለ ሽቦ ቫልቭ ሽቦዋ ላልቶ እንደሆነ ተመልከት።

3. የታንኩን ክዳን ክፈትና ስማ። ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። መተንፈሻው በአቧራ ከተደፈነ ታንኩ ቤንዚኑን ይዞ አልሰጥም ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ደህና ትሄድና ትቆማለች። ስትከፍተው «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ ጥፋተኛውን ይዘኸዋል። ሳንቲም የማያስወጣ ነገር ነውና ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው።

4. የጀሪካን ቤንዚን ሳታይ አትቅዳ። ማደያው ባዶ ሲሆን ከመንገድ ዳር መግዛትህ አይቀርም፤ አልፈርድብህም። ግን ጥቂት ጥርት ባለ ጠርሙስ ቀድተህ አስቀምጠው። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፣ ከሥር እንደ ዕንቁላል አስኳል ተለይቶ ይቀመጣል። ከዚያ ጠብታ ወረቀት ላይ ጣል፤ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ግን የቅባት እድፍ ይተዋል። ታንኩ ሥር ውሃ ከተኛ መንገዱ ሲያናውጠው ወደ መውጫው ይመጣል፣ ሲረጋ ይመለሳል፤ ብልሽቷ የሚመጣውና የሚሄደውም ለዚህ ነው። የኛ ደጋ ሌሊቱ ብርድ ነው፣ ጎዶሎ ታንክ ውስጡ ያልበዋል። ስለዚህ ማታ ሙሉ አድርገህ አሳድራት። ታንኩን ስታጥብ ደግሞ ቤንዚኑን በአፍህ አትሳብ።

5. ዓባይን ስትወጣ አታጣድፋት። ከበረሃው ሥር እስከ ደጀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወጣለህ፤ ከፍ ባልክ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ቤንዚን በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ቱቦና ፓምፕ ውስጥ የተነነ ቤንዚን ደግሞ አይገፋም። ከፍ ያለ ማርሽ ይዘህ ከምታስጨንቃት ቀነስ አድርገህ ሞተሩ ይዙር፤ የምታበርዳት ማራገቢያዋ ከሞተሩ ጋር ነውና የምትዞረው። አናቱ ላይ ስትደርስም ወዲያው አታጥፋት፣ ጥቂት በዝግታ ትዙር። ቀድሞ ከጠፋች የኋላ ክዳኗን ከፍተህ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርግና ጠብቅ። በእርጥብ ጨርቅ ከተነሳች ነገሩ ሙቀት ነው ብለህ ደብተርህ ላይ ጻፍ።

6. ፓምፑን ፈትነህ እንጂ ጠርጥረህ አትጣል። የኮይሉን ገመድ ንቀል፤ ብልጭታ ካለ እሳት ነው። ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቱቦ ጠርሙስ ውስጥ ክተትና ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። ቤንዚኑ በየምቱ ጠንከር ብሎ መትፋት አለበት። አረፋ እየቀላቀለ ከመጣ ችግሩ ከፓምፑ በፊት ያለ የተሰነጠቀ ቱቦ ነው፤ አየር ይስባል እንጂ ቤንዚን ስለማያንጠባጥብ ዓይን አያገኘውም። የዘይት መለኪያ ዘንጉንም አሽትት፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ የፓምፑ የውስጥ ሽፋን (ዲያፍራም) ተቀዷል፣ እንደዚያ ሆኖ አትንዳ። የመጨረሻዋ አሮጌ ቮልስ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ፑዌብላ ከፋብሪካ ወጥታ አበቃች፤ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ፓምፕ ቅጂ ነው። መግዛት ግድ ከሆነ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። በባለ ዲናሞ ሞተር ፓምፑን የሚገፋው ዘንግ 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ በባለ አልተርኔተሩ 100፤ ከተምታታብህ አዲሱ ፓምፕ ወይ አይሰጥም ወይ ይቀደዳል።

7. የቤንዚን ቱቦዎቹን ሁሉ ቀይር፤ በዚህ ላይ ግምት አልፈልግም። ጨርቅ የለበሰው አሮጌ ቱቦ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪው አንዴ ይዘጋል አንዴ ይለቃል፣ ሲብስ ደግሞ የጋለ ሞተር ላይ ያፈሳል። ካርቡሬተሩ ላይ ቱቦው የሚሰካባትን የነሐስ አፍ በጣትህ ወዝወዝ፤ ከተነቃነቀች ሳትጠገን ሞተር አታስነሳ። ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በእሷ ነው። ማጣሪያውንም ሞተሩ አናት ላይ አታንጠልጥለው፣ ወደ ታንኩ አቅርበህ እሰረው። እሳት ማጥፊያ ግዛና ከወንበሩ ሥር ሳይሆን እጅህ በሚደርስበት አድርገው። ይህን ሳትጨርስ ወደ ፍኖተ ሰላም እንዳትወርድ፤ ለገበያ የምትሄድ ከሆነ በአውቶቡስ ሂድ።