ስለ ወገብ ሕመም፤ በተለይም በጫኝና አውራጅ ሠራተኞች ላይ ስለሚደርሰው

በእህል ገበያ፣ በሲሚንቶ መጋዘንና በጭነት መኪና ማራገፊያ የሚውል ሠራተኛ ዋና መሣሪያው ወገቡ ነው። አናጢ መጋዙ ቢሰበርበት ሌላ ይገዛል፤ ገበሬም ማረሻው ቢዶለዱም ወደ ቀጥቃጭ ወስዶ ያሾለዋል፤ ጫኝና አውራጁ ግን ወገቡ የተጎዳ እንደ ሆነ እንጀራው በዚያው ቀን ይቋረጣል። ስለዚህ የወገብ ሕመም ነገር ለሐኪም ብቻ የሚተው ሳይሆን ሸክሙን የሚያዘውን ነጋዴ፣ ሥራውን የሚቆጣጠረውን አለቃና የከተማውን ሹም ጭምር የሚመለከት ጉዳይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው፤ ሰውን ከሥራና ከእንቅስቃሴ በማስቀረት ረገድም ይህን ሕመም የሚያህል የለም። ከሕሙማኑም ከመቶ 90 ያህሉ ሲመረመሩ፣ ይህ ነው ተብሎ የሚጠቆም ስብራት ወይም ደዌ አይገኝባቸውም። ይህ ማለት ግን ሕመሙ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ የትኛው ጡንቻ ወይም የትኛው መጋጠሚያ እንዳመጣው ለይቶ ማመልከት አይቻልም ማለት ነው። «ሐኪሙ ምንም አላገኘበትም» ብሎ ሠራተኛውን እንደ ሰነፍ የሚቆጥር አለቃ ቢኖር ይህን ልብ ሊል ይገባዋል።

ሸክም ወገብን የሚጎዳው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ከሰውነት በመራቁም ጭምር ነው። አከርካሪን ደግፈው የሚይዙት የጀርባ ጡንቻዎች ከአከርካሪው መካከል የሚርቁት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው 10 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ 50 ሳንቲ ሜትር ከወገቡ አርቆ ቢይዝ፣ ርቀቱ 10 እጥፍ ስለሆነ ጡንቻዎቹ የ100 ኪሎ ያህል ኀይል ማውጣት ግድ ይሆንባቸዋል፤ ይህም የራሱ የላይኛው አካል ክብደት ሳይታሰብ ነው። ከመኪናው ሆድ ውስጥ እጅን ዘርግቶ ጎንበስ ብሎ ጆንያ መሳብ እጅግ የሚያደክመው በዚህ ምክንያት ነው። ጆንያውን አስቀድሞ ወደ መኪናው ጠርዝ ማቅረብ፣ ከደረት ጋር አስጠግቶ መያዝ፣ ሲዞሩም ወገብን ሳይጠመዝዙ እግርን አንሥቶ መዞር ሸክሙን በእውነት ያቀለዋል።

የማለዳውም ሰዓት የራሱ ጠባይ አለው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ሆነው የሚገኙት ዲስክ የሚባሉት ለስላሳ አካላት ሰው በተኛ ጊዜ ውኃ ስለሚይዙ ይነፋሉ፤ ሰውም ማለዳ ሲነሣ ከማታው ይልቅ በጥቂቱ ይረዝማል። በዚያን ሰዓት አጎንብሶ ከባድ ዕቃ ማንሣት ዲስኩን ይበልጥ ስለሚያስጨንቅ፣ ከንጋት ጀምሮ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ቢያነሣና ቢንቀሳቀስ ይመረጣል።

ዋናው ነገር ግን የሸክሙ መጠን ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ስምምነት፣ ማንም ሠራተኛ ጤናውን የሚጎዳ ክብደት እንዲሸከም እንዳይገደድ ወስኗል፤ ከስምምነቱ ጋር በወጣው ምክር ላይም ለአንድ ጎልማሳ ወንድ የተገመተው ከፍተኛ ሸክም 55 ኪሎ ነው። የአሜሪካ የሥራ ጤና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ስሌት ደግሞ ሁኔታው ሁሉ የተመቸ ቢሆን እንኳ በእጅ ለሚነሣ ዕቃ 23 ኪሎን መነሻ አድርገዋል። የሲሚንቶና የማዳበሪያ ከረጢት 50 ኪሎ፣ ወደ ውጭ አገር የሚላክ የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ይይዛል። የእህል ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ ከ55ቱ ጋር ሲተያይ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል።

ኩንታሉ ለሁለት ይከፈል ቢባል ነጋዴው የጆንያውንና የስፌቱን ዋጋ፣ ሠራተኛውም ምልልሱ መብዛቱን ያነሣሉ፤ ሁለቱም ቃል መልስ ይገባዋል። የሠራተኛው ዋጋ በጆንያ ቍጥር የሚቈረጥ ከሆነና አነስተኛው ጆንያ ግማሽ ዋጋ ብቻ የሚያስገኝ ከሆነ፣ ድካሙ ቀልሎለት እንኳ በምልልሱ ይጎዳል። ስለዚህ ጆንያው ሲያንስ የጭነቱ ዋጋ ስምምነትም አብሮ መታየት አለበት። ምልልሱንም የሚያሳጥር ነገር አለ፤ ከመኪናው ወለል ጋር እኩል የሆነ የማራገፊያ መድረክና አንድ የእጅ ጋሪ በተዘጋጀበት ቦታ፣ ጆንያ ከመሬት ወደ ትከሻ መነሣቱ ይቀራል። ወገብ በብዛት የሚቀጨው ሸክሙ ወደ ላይ በሚነሣበትና ድንገት በሚጣልበት ቅጽበት ነውና፣ መድረኩ ከብዙ ምክር ይልቅ ይጠቅማል።

ምክር ብቻውን በቂ አለመሆኑ በጥናትም ተመርምሯል። ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ማጠቃለያ፣ ሠራተኞችን የዕቃ አነሣሥ ዘዴ ማስተማር ብቻውን የወገብ ሕመምን እንደሚከላከል ማስረጃ አላገኘም። በወገብ ላይ ድግ ወይም ቀበቶ ጠበቅ አድርጎ መታጠቅም ብርታት የሚሰጥ ይመስላል እንጂ ሕመምን እንደሚከለክል አልተረጋገጠም፤ አንዳንዱንም ከአቅሙ በላይ እንዲያነሣ ሊያደፋፍረው ይችላል።

ሕመሙ አንድ ጊዜ ከያዘ በኋላ አልጋ ላይ መሰንበት የቀድሞ ልማድ ነበር። ዛሬ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ መተኛት ጡንቻውን አስንፎ መዳኑን እንደሚያዘገይ ታውቋል። በቻሉት መጠን መራመድ፣ ቀላል ሥራ መሥራትና ቦታውን በሙቅ ጨርቅ ማሞቅ ይሻላል፤ አብዛኛውም ሰው በስድስት ሳምንት ውስጥ ይሻለዋል። የሕመም ማስታገሻ ክኒን የሚወስድ ሰው፣ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለበት አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። አሠሪውም የተጎዳውን ሰው ከማሰናበት ይልቅ ለጥቂት ሳምንት ወደ ቈጠራ፣ ወደ ስፌት ወይም ወደ ሚዛን ሥራ ቢያዛውረው፣ ያን የለመደ ሠራተኛ አያጣም።

ወደ ወጌሻ መሄድ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ቀለል ያለ እሽትም ለጊዜው ያሳርፍ ይሆናል። ነገር ግን ወገብ ሳይታሽና ሳይጎተት በፍጥነት ወደ ሕክምና ሊደርሱ የሚገባቸው ሕሙማን አሉ። እነርሱም፦ ከከፍታ ወድቀው የታመሙ፤ እግራቸው የዛለ ወይም የደነዘዘ፤ ሽንት ወይም ዐይነ ምድር መቈጣጠር ያቃታቸው፤ በመቀመጫና በጭን መካከል መነካት የማይሰማቸው ናቸው። ሽንት መቈጣጠር ያቃተው ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል ካልደረሰ ጉዳቱ ለዘለዓለም ሊቀርበት ይችላል።

ትኵሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት የተጨመረበት የወገብ ሕመምም የሸክም ድካም ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ሳንባን የሚያጠቃው የቲቢ ተሕዋስ አከርካሪንም ይበላል፤ ከብት ከሚያረቡና ያልተፈላ ወተት ከሚጠጡ ሰዎች መካከልም ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ በወገብ ሕመም ይገለጣል። ሁለቱም በመድኀኒት የሚድኑ ናቸው፤ ሕመምተኛው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ትኵሳቱ መቼ እንደ ጀመረው፣ ወተቱንም አፍልቶ ወይም ሳያፈላ ይጠጣ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ቢናገር ምርመራውን ያፋጥናል።