«ተባለ»ን በሰነድ፦ የከተማችንን ታሪክ በኢንተርኔት እንዴት እንፈልግ?



በ2009 የትምህርት ዓመቱ ሲጀመር እዚህ ፔታህ ቲክቫ ውስጥ መቶ ገደማ የማኅበረሰባችን ልጆች ትምህርት ቤት አጥተው ነበር። በከፊል የግል የሆኑ ሦስት የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች «አንቀበልም» በማለታቸው ጉዳዩ የአገር መነጋገሪያ ሆነ። ብዙዎቻችን ይህን የምናውቀው ቤት ውስጥ ሲወራ ሰምተን ነው። ወላጆቻችን የሚነግሩን የኖሩትን ነው፤ ሰነድ ካልታከለበት ግን «ስሜት ነው» ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል። ስለዚህ ለመጽሔት ወይም ለጥናት የሚጽፍ ተማሪ በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይጠቀማል።

1. ዘመኑን እናስተካክል። ወላጆቻችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስታውሳሉ፤ ጋዜጣው በአውሮፓ፣ ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ በዕብራይስጥ ዓመት ይጽፋል። ነሐሴ 26 ቀን 2001 ዓ.ም. ማለት ሴፕቴምበር 1 ቀን 2009 ነው፤ የትምህርት ዓመቱ በዕብራይስጥ «ታሻዕ» ይባላል። በሦስቱም እንፈልግ።

2. ቃሉን እንወቅ። ጋዜጣ «ኤቲዮፒም» የሚለውን የመንግሥት ሰነድ «ዮጽኤ ኤቲዮፕያ» ይለዋል። በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ብቻ ከፈለግን ዋናው ሰነድ ያመልጠናል። ሐረጉን በዕብራይስጥ ጽፈን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ብናስገባው ፍለጋው ይጠብባል።

3. ከዜናው ወደ ምንጩ እንሂድ። በክነሴት ድረ ገጽ የኮሚቴዎች ፕሮቶኮሎችና የምርምርና መረጃ ማዕከሉ ጥናቶች ይገኛሉ። የሜቫኬር ሃመዲና ዘገባዎችና የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ አኃዞችም ለሁሉም ክፍት ናቸው። ይህ ለምን ይጠቅማል? በጃንዋሪ 2013 ስለ ዴፖ ፕሮቬራ መርፌ የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ደብዳቤ ሲወጣ፣ ብዙ የውጭ ጋዜጦች «እስራኤል አመነች» ብለው ጻፉ። ደብዳቤው ግን ውጤቱን በትክክል እንዳልተረዳች ለምታሰጋ ሴት፣ ከኢትዮጵያ የመጣችም ሆነች ሌላ፣ ማዘዣው እንዳይታደስ ያዘዘ እንጂ ስለ ክሱ አቋም የያዘ አልነበረም። የሴቶቹ ምስክርነት ከባድ ነበር፤ የተጋነነ ርእስ የሚጠቅመው ግን ምስክርነቱን ማጣጣል ለሚፈልግ ሰው ነው።

4. የጠፋውን ገጽ እናስመልስ። አንድ ማስፈንጠሪያ ካልከፈተ አድራሻውን ዌይባክ ማሽን ላይ እናስገባ፤ የድሮው ቅጂ ሊገኝ ይችላል። ያገኘነውን ሁሉ ካነበብንበት ቀን ጋር እናስቀምጥ።

5. የሌለውን እንጠይቅ። በ1998 የወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግ ለማንኛውም ዜጋና ነዋሪ ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከዒሪያ መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ምክንያት መግለጽ አያስፈልግም። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት፤ መሥሪያ ቤቱ ጊዜውን ሊያራዝም ግን ይችላል። ጥያቄው አጭርና ግልጽ ይሁን፦ የትኛው ዓመት፣ የትኛው ከተማ፣ ስንት ተማሪ።

ሰነዱ ከተገኘ በኋላ ይዘነው ወደ ወላጆቻችን እንመለስ፤ ዕብራይስጡን በአማርኛ እናንብብላቸው፤ የጎደለውን እነሱ ይሞሉታል። የልጆቹን ስም ግን ያለ ፈቃድ አንጻፍ። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ ምናልባት ከጎናችን ተቀምጦ ይማራል፤ ታሪኩን መናገር ወይም አለመናገር የእሱ ምርጫ ነው።